አጎቴን በዳዊት የመረመርኩ ዕለት

በተማሪነቴ ዘመን ሁሉን አዋቂ ነበርኩ። ዛሬ ይህን የምለው በሐፍረት ነው፤ ያኔ ግን በኩራት ነበር የምለው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ የነርስነት ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን መምህራችን ስለ ስኳር በሽታ ያለንን ግንዛቤ የሚለካ መጠይቅ አደሉን። ስኳር ዓይንን ይጎዳል ወይ? እግርን ያደነዝዛል ወይ? ታማሚው ዓይኑን በየስንት ጊዜው መታየት አለበት? እግሩንስ? ጓደኞቼ እስክሪብቶ ሲነክሱ እኔ ፈጠን ፈጠን ብዬ ሞልቼ፣ ሌላው እንዳይኮርጅ ወረቀቴን በክንዴ ከልዬ ተቀመጥኩ። ውጤቱ ሲነገር አንድም ጥያቄ ያልሳትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዶርም ጓደኞቼ «ፕሮፌሰር» ይሉኝ ጀመር። ለማሾፍ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር።

መምህራችን ግን በወረቀት ብቻ የሚለቁ ሰው አልነበሩም። «ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ስኳር ያለበት አንድ ሰው ፈልጉ። ዓይኑንም እግሩንም መርምራችሁ ሪፖርት ይዛችሁ ኑ» አሉን። የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ከየት እናመጣለን ብንላቸው፣ «ማንበብ የሚችል ሰው ከሆነ መጽሐፍ አስነብቡት፤ አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ በሌላው፣ ከዚያም ገልብጣችሁ» ሲሉ መለሱልን። እኔ ሰው ፍለጋ መንከራተት አላስፈለገኝም። አጎቴ መምሬ አድማሱ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

መምሬን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከቡሬ ግማሽ ሰዓት በባጃጅ፣ ባጃጁ ከሚያቆምበት ደግሞ ግማሽ ሰዓት በእግር በሚያስኬደው መንደራችን የደብሩ ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው በእሳቸው እጅ ነው ማለት ነው። ስድሳን አልፈዋል። ድምፃቸው ወንዝ ማዶ ይሰማል፤ ቀልዳቸው ደግሞ ቅዳሴ እንደወጣ ይጀምርና እስከ ሠርክ አያቋርጥም። ባለቤታቸው እትየ ጥሩወርቅ ሻይ ያለ ስኳር ሲያቀርቡላቸው፣ «ስኳሩ እኔ ዘንድ ነው፣ ጣዕሙ የት እንደሄደ ግን አላውቅም» እያሉ የሚጠጡ ሰው ናቸው።

ዕረፍት ወጥቼ መንደር በገባሁ በማግስቱ፣ ረፋዱ ላይ እሳቸው ቤት ሄድኩ። የደብሩ ንግሥ አራት ቀን ቀርቶታል። መንደሩ ግን ስለ ንግሡ ሳይሆን ስለ ቁልፍ ነበር የሚያወራው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አልባሳቱ፣ ጥላው፣ ከበሮው ሁሉ ተቆልፎበታል። መምሬ የሄዱበት መንገድ ሁሉ ሣሩ ሳይቀር ተፈትሿል። የደብሩ ሽማግሌዎች የዕቃ ቤቱን ጓጉንቸር ለመስበር ተስማምተው ነበር።

እኔ በሩ ላይ ስቆም መምሬ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ዝም አሉ።

«እንዴት አደሩ፣ መምሬ?»

«ኧ! ብርቱካንየ! ነይ ግቢ፤ ሐኪም ሁነሽ መጣሽ አሉ?»

«ኧረ ገና ተማሪ ነኝ።»

«ተማሪማ እኔም ነኝ። ጠጉሬ ሸብቶ ገና አልጨረስሁም።»

ሳቅን። ያን ጊዜ እስክናገር ድረስ ለምን ዝም እንዳሉ አላሰብኩበትም። ፕሮፌሰር ነኝ እኮ፤ ትልልቅ ነገር እንጂ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር መች ይታየኛል!

የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኳቸው። ቦርሳዬን አስቀምጬ ስልኬን አወጣሁና፣ ለማንበብ የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ጭምር ይመዘገባል አልኳቸው። እሳቸውም ፈተና እንደሚቀመጥ ሰው ካባቸውን አስተካከሉ።

«ምን ላንብብልሽ?»

«የሚወዱትን።»

«እንግዲያ ከዳዊት ወዲያ ምን አለ» አሉና አጠገባቸው መደቡን ዳበስ ዳበስ አድርገው ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ አነሡ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ በመዳፌ ግራ ዓይናቸውን ሸፈንኩ። ገልጠው ጀመሩ። ወይ ድምፅ! አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ፣ ማረፊያው ላይ እያረፉ፣ መነሻው ላይ እየተነሡ ወረዱት። ቀኙን ሸፈንኩ፤ ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔ የስልኬን ሰዓት እያየሁ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ካነበበ ለሪፖርቴ ጥሩ ርዕስ አገኘሁ እያልኩ በልቤ እጽፍ ነበር።

«ይበቃል፣ መምሬ። እግዜር ይስጥልኝ። ዓይንዎ ከኔ ይሻላል።»

«ነግሬሽ የለ!»

ውጤቱን ልጽፍ ደብተሬን ፈለግኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የለም። ስገባ የት አስቀመጥኩት ብዬ ቤቱን ቃኘሁ። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ የመምሬ ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ችካሉ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። እትየ ጥሩወርቅ ጧት ቤት ሲጠርጉ የሰቀሉት ነው። ማንም አላወረደውም።

ቀስ ብዬ ወደ መምሬ ጭን ተመለከትኩ። ስገባ መደቡ ላይ የጣልኩት የኔ ጥቁር ደብተር ተገልጦ ተቀምጧል። የተገለጠው ደግሞ የስኳር ታማሚ እግር እንዴት እንደሚፈተሽ በክፍል ውስጥ የሳልኩበት ገጽ ላይ ነው፤ አንድ ትልቅ የውስጥ እግር፣ በቀይ እስክሪብቶ ነጠብጣብ ነጠብጣብ የተደረገበት።

መሳቅ አማረኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጠየቅኳቸው።

«መምሬ፣ እዚያ ገጽ ላይ ያለው ሥዕል የምንድን ነው?»

ለአፍታም አላመነቱም። «ይኸማ ንጉሡ ዳዊት በገና ሲደረድር ነው።»

«ቀዩስ?»

«ካባው ነዋ! ንጉሥ አይደል?»

«መምሬ፣ እግር ነው። እኔ የሳልኩት እግር ነው። የያዙት የኔን የትምህርት ደብተር ነው፤ ዳዊትዎ ግድግዳው ላይ ነው ያለው።»

ደብተሩን ዘጉት። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ፈተሹት።

«እስካሁን ያነበብሁት የነርስ ትምህርት ነዋ?»

«አዎ፣ መምሬ።»

«በይ እንግዲህ፣ ተባርኮልሻል» አሉና ደብተሩን ሰጡኝ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ቀና ስል እሳቸው እየሳቁ አልነበረም። መምሬ ቀልደው ራሳቸው ሳይስቁ ሲቀሩ አይቼ አላውቅም።

«መቼ ጀመረዎት?» አልኳቸው።

«ቀኙ ከክረምት ጀምሮ ነው። በነጠላ ውስጥ የማይ ይመስለኛል። ግራው ይሻላል፤ እሱም ጥቁር ጥቁር ነገር ይዞርበታል። መጽሐፉን እከፍተዋለሁ እንጅ የማነበው ከዚህ ነው» አሉ፤ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ቄሰ ገበዙ አያይም ቢባል ሰው ምን ይላል? ‹አረፍ ይበሉ› ነው የሚሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆምሁበትን ቦታ ትቸ ደጅ ልቀመጥ? እኔ ማረፍ አልፈልግም፣ ልጄ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ያን ጊዜ ፈራሁ። መጠይቁ ላይ «አዎ» ብዬ ምልክት ያደረግኩበት ሁሉ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኛል፤ ወይም ደግሞ አያየኝም። ስኳር ዓይንን ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ እግርንም እንደማይምር አውቃለሁ። ስለዚህ ኮስተር ብዬ፣ «እግርዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«እግርማ አይሆንም! እሑድ ቀዳሽ ነኝ። የቀዳሽ እግር ሴት አትነካውም።»

እንዲህ ያለ ሕግ ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቃውንት ጠይቄ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እትየ ጥሩወርቅም ከጓዳ ሲሰሙ ኖሮ ብቅ አሉ።

«ኧረ እግዜርን ይፍሩ፣ መምሬ! ሠላሳ ዓመት እግርዎን ያጠብሁት ታዲያ እኔ ሴት አይደለሁ? ደሞ ሰሞኑን ላጥብ ስል ‹በረደኝ› እያሉ ይከለክላሉ። አንች፣ አውልቂው ዝም ብለሽ!»

ጎንበስ ብዬ ቀኙን ኮንጎ ጫማ ሳብኩት። ሲወልቅ ውስጡ የሆነ ነገር ኳ አለ። ጫማውን ገልብጬ መታ መታ ሳደርገው፣ ከአፍንጫው በኩል ተወትፎ የነበረ ትንሽ ቁልፍ መሬት ላይ ወደቀ።

እትየ ጥሩወርቅ «እልልል!» አሉ። እልልታቸው ግን ወደ ባላቸው እግር ሲያዩ መሐል ላይ ተቆረጠ። ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ውስጥ እግሩ ላይ የቁልፉ ጥርስ ሳይቀር ታትሟል። ዙሪያው ጠቁሯል፣ መሐሉ ቆስሎ እርጥብ ሆኗል፣ ሽታም ጀምሯል።

«ምን ተገኘ? ምን ተገኘ?» ይላሉ መምሬ።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው።»

«ከየት?»

«ከጫማዎ ውስጥ። ሦስት ቀን ሙሉ ረግጠውት ሲሄዱ ነበር።»

ግንባራቸውን መቱ። «እህ! ለኪዳን ስገባ ደጀ ሰላሙ ላይ ጫማየን አውልቄ፣ እንዳይጠፋ ብየ እዚያው ውስጥ ጣል አደረግሁት እኮ! እንዳይጠፋ ብየ!»

በጣቴ ቁስሉን አጠገቡን ጫን አደረግኩት። «እዚህ ጋ ያምዎታል?»

«የት ጋ?» አሉኝ።

ይህች «የት ጋ» እስከ ዛሬ ታስደነግጠኛለች። ዓይናቸው እግራቸውን አያይም፤ እግራቸው ደግሞ አልነግርም ብሏል። መምሬ አንድ እግራቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አልነበረም።

«ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኩ።

«ከንግሡ በኋላ።»

«ዛሬ፣ መምሬ።»

«ከንግሡ በኋላ አልሁሽ!»

በዚህ ክርክር ላይ እያለን ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ደሴ ትልቅ መዶሻ ተሸክመው በሩ ላይ ደረሱ። «መምሬ፣ እንግዲህ ይፍቀዱልንና ልንሰብረው ነው» አሉ።

«ተገኝቷል፣ አያ ደሴ» አልኩና ቁልፉን አሳየኋቸው።

«ተመስገን! የት ተገኘ?»

መምሬ የሌለ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። አንድ መንደር ሰው ሣር ለሣር የፈለገው ቁልፍ ከራሳቸው ጫማ ውስጥ ተገኘ ቢባል እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደሚነሣባቸው እሳቸውም አውቀዋል፣ እኔም አውቄያለሁ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «ሆስፒታል?» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«የተገኘውማ፣ አያ ደሴ...»

«እሽ! እሽ አልሁ! እሄዳለሁ!»

«...የተገኘውማ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። አያ ደሴ ቁልፉን ይዘው እየመረቁን ሄዱ፤ መምሬም «ይችን ነው ኮሌጅ የሚያስተምሯችሁ?» ብለው አጉረመረሙ።

እትየ ጥሩወርቅ ከጎረቤት በቅሎ ለምነው መምሬን እስከ ባጃጁ አደረስናቸው። ከቡሬ ሚኒባስ ይዘን ከሰዓት ፍኖተ ሰላም ገባን። በመንገድ ላይ ቀልድ አላወሩም። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜው ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ሽታው ጨመረ ወይስ ቀነሰ እያልኩ ሳሸት ነው የሄድኩት። ያን ቀን የጸለይኩትን ያህል ለፈተና እንኳ ጸልዬ አላውቅም።

ሐኪሙ ቁስሉን ከፍተው ሲያጥቡ መምሬ ጣራውን እያዩ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ሕመሙን ለመቻል ሳይሆን ስለማያማቸው፣ ጊዜ ለማሳለፍ ነው። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርተውኝ፣ «አጥንት አልደረሰም። ትንሽ ቀን ቢቆይ ኖሮ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ መቁረጥ ነበር» አሉኝ። መምሬ መኝታ ያዙ።

በማግስቱ ጧት ዓይናቸውን ሊታዩ ይዣቸው ሄድኩ። ወረፋ ነበር። የምርመራው በር ክፍት ስለሆነ ከውጭ አግዳሚው ላይ ሆነን ሁሉ ይሰማናል። ግድግዳው ላይ በየአቅጣጫው የዞሩ ምልክቶች ያሉበት ሰሌዳ አለ፤ ነርሷ በዘንግ መታ ስታደርግ ታካሚው «ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች» እያለ ይመልሳል። ከእኛ በፊት አምስት ሰዎች ገቡ። የመምሬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እየጸለዩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ተራቸው ደረሰ። በከዘራቸው ተደግፈው፣ ደረታቸውን ነፍተው ተቀመጡ። ነርሷ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍና ዘንጓን መታ አደረገች።

«ወደ ላይ» አሉ መምሬ። ትክክል። «ወደ ቀኝ።» ትክክል። ዘንጉ ኳ ሲል እሳቸው ይመልሳሉ፤ መስመር በመስመር ወርደው የመጨረሻዋን ጥቃቅን መስመር ሳይቀር ጨረሱ። ግራ ዓይናቸው ተሸፈነ፤ ያንኑ ደገሙት። ነርሷ ተገርማ፣ «አባ፣ ይህን መስመር እኔም አጥርቼ አላየውም!» አለች። ብዕሯንም አነሣች።

በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ቅኔ አንዴ ሰምተው የሚይዙ ሰው፣ አምስት ሰው የደገመውን ሰሌዳ እንዴት አይይዙ! አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው የሆስፒታሉን ሰሌዳ በቃላቸው አጥንተውታል።

ብናገር በሰው ፊት አዋርዳቸዋለሁ። ዝም ብል «ዓይኑ ደህና ነው» የሚል ወረቀት ይዘው ሊታወሩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አጠገባቸው ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ።

«መምሬ፣ ይህንንም እንደ ዳዊቱ ነው ያነበቡት?»

ነርሷ ብዕሯን እንደያዘች ቆመች። በሩ ላይ የተሰለፉት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። መምሬ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ሊያስተባብሉ ይችሉ ነበር፤ በንግግርማ እንኳን እኔን ነርሷንም ከነሐኪሙ ያሸንፋሉ።

«አይታየኝም» አሉ በመጨረሻ፣ ወንዝ ማዶ የሚሰማው ድምፃቸው ጠፍቶ። «ሰሌዳው አይታየኝም። አንችም አትታይኝም፣ ብርቱካንየ። ትናንት በሩ ላይ የቆምሽ ጊዜ፣ እስክትናገሪ ድረስ ማን እንደሆንሽ አላወቅሁም።»

አለቀስኩ። በነጭ ጋዋን በተማሪዎች ፊት ሁልጊዜ ኮስተር ብዬ የምሄደው ፕሮፌሰር፣ በወረፋ ሰው መሐል ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ተጨምሮ ሲታይ በስተጀርባው ደም ፈስሶ ተገኘ። እግራቸው ሲሻል ወደ ባሕር ዳር ተልከው ዓይናቸውን በሌዘር ጨረር ታከሙ። ግራው ተረፈ፤ ቀኙ ዘግይቶ ነበር፣ ዛሬም ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ያለፈ አያይም። እግራቸው ከነሙሉ ጣቱ ዳነ። ንግሡ ያለ እሳቸው አለፈ፤ ሐዘናቸው ይህ ብቻ ነበር። ሪፖርቴን ስጽፍ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። መምህራችን ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡትና፣ ፕሮፌሰርነቴ በዚያው ቀረ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ስለ ስኳርና ስለ ዓይን የሚጠየቀውን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላወቅኩት፣ ሰው ሳይታከም የሚቀረው ስለማያውቅ ብቻ ሳይሆን ስለሚፈራም መሆኑን ነው። ዛሬ ነርስ ነኝ። ስኳር ያለበት ሰው ሲመጣ «እግርዎ ደህና ነው?» ብዬ አልጠይቅም፤ ጎንበስ ብዬ ጫማውን አወልቃለሁ፣ ውስጡንም ገልብጬ አያለሁ። ዓይን ስመረምር ደግሞ ወረፋው የሚጠብቀው በሩ ተዘግቶ ነው። ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ «ደህና ነኝ» ሲላችሁ አትመኑት። ዓይኑን ባያመውም በየዓመቱ ይታይለት፤ እግሩን ደግሞ በየቀኑ እናንተ እዩለት።

መምሬ ከሆስፒታል ሲመለሱ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ስለ ዓይናቸውም ስለ ቁልፉም ራሳቸው ነገሯቸው። ሳቁባቸው፤ እንደፈሩት በጣም ሳቁባቸው። «አረፍ ይበሉ» ያላቸው ግን የለም። ዛሬም በተራቸው ይቀድሳሉ፤ የሚነበበውን ሌላ ካህን ያነብላቸዋል።

ባለፈው ንግሥ መንደር ነበርኩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ሕዝቡ ጫማውን ያወልቃል። መምሬም እንደ ሁሉም አውልቀው፣ ጫማቸውን ገልብጠው መታ መታ አደረጉና፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ አነሡ። ከዚያ አጠገባቸው ማን እንደቆመ ሳያውቁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በዚያ ወንዝ ማዶ በሚሰማው ድምፃቸው፣ «እስኪ እዩልኝ፤ እኔ አይታየኝም» አሉ።

አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ሳላሰማ ጎንበስ ብዬ፣ እግራቸውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጣት በጣት አየሁላቸው።